«ለልጆቼ ስል ነው»

ባለፈው ክረምት፣ ሐዋሳ ላይ ዝናቡ ሳያባራ ሳምንት በሰነበተበት ሰሞን፣ ከዓመታት በፊት አይቼ የጨረስኩትን አንድ የወንጀል ድራማ ከመጀመሪያው ክፍል አንስቼ እንደገና አየሁት። ጊዜ ለማሳለፍ ብዬ አልነበረም። በሰፈራችን ዕድር ውስጥ በተፈጠረ ነገር እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ባለቤቴና ልጆቼ ከተኙ በኋላ ሳሎን ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ የተዋናዮቹን ድምፅ እየዋጠብኝ፣ በአንድ ሌሊት ሁለት ሦስት ክፍል እያየሁ አመሻለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ሰው በስንተኛው ክፍል ላይ እንደሚበላሽ ማወቅ።

ድራማው «ብሬኪንግ ባድ» ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2013 ድረስ በአምስት ምዕራፍና በ62 ክፍል የቀረበ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ሲሆን፣ የፈጠረው ቪንስ ጊሊጋን ይባላል። ያላያችሁት ካላችሁ መጨረሻውን ጭምር እንደማወራ ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ዋልተር ዋይት በኒው ሜክሲኮ ግዛት አልበከርኪ በምትባል ከተማ የሚኖር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ነው። ሃምሳ ዓመት ሞልቶታል። ደመወዙ ስለማይበቃው ከትምህርት በኋላ መኪና እጥበት ቤት ይሠራል። የመጀመሪያው ክፍል ላይ በርከክ ብሎ የመኪና ጎማ ሲያሽ፣ መኪናው የገዛ ተማሪው ሆኖ ይገኛል። ልጁ ያላግጥበታል፤ አብራው ያለችው ልጅ በስልክ ታወራበታለች። የዋልተር ሚስት ስካይለር ነፍሰ ጡር ናት፤ ወንድ ልጁ የአካል ጉዳት አለበት። በዚህ ላይ በቀዶ ሕክምና የማይወጣ የሳንባ ካንሰር ይገኝበታል። ይህን ጊዜ የቀድሞ ተማሪውን ጄሲ ፒንክማንን ፈልጎ ሜታምፌታሚን የተባለውን አደገኛ ዕፅ ማምረት ይጀምራል። የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ ሳልሞት ለቤተሰቤ ጥሪት ልተው።

መጀመሪያ ያየሁት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ በምፈልግበት ጊዜ ነበር። ፒያሳ አካባቢ ፊልም በፍላሽ ዲስክ እየገለበጠ የሚሸጥ ልጅ ነበረ። ምዕራፍ በምዕራፍ እየገዛን፣ አራት ጓደኛሞች በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ፍራሽ ላይ ተደርድረን እናያለን። ያኔ ያለ አንዳች ጥርጥር የዋልተር ወገን ነበርን። የአንደኛው ጓደኛችን አባት መምህር ስለነበሩ፣ መምህር ወሩን እንዴት እንደሚገፋ ሁላችንም እናውቃለን። ዋልተር ከፖሊስ ባመለጠ ቁጥር እናጨበጭብለታለን። በሁለተኛው ምዕራፍ ማብቂያ አካባቢ ጄን የተባለችው የጄሲ ፍቅረኛ ዕፅ ወስዳ በተኛችበት ትውከት ሲያንቃት ዋልተር እዚያው ክፍል ውስጥ አለ። ሊያነሳት ይሮጣል፤ አጠገቧ ሲደርስ ይቆማል። ቆሞ እስክትሞት ያያታል። ጄን ምስጢሩን ይዛ ታስፈራራው ነበርና «ተገላገለ» አለ ከመካከላችን አንዱ። ማንም አልተቃወመውም። እኔም አልተቃወምኩም።

አሁን ስለ ጋሼ ልናገር።

ስማቸውን አልጽፍም። ሐዋሳ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ እኔንም አስተምረውኛል። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ክፍላችንን ሙሉ ይዘውን ሐይቁ ዳር ወርደው ጥያቄ የጠየቁን ቀን ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። «ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደዚህ ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አሉን። አናውቅም አልን። «ታዲያ ለምን እንደ ሻላ ጨዋማ አልሆነም?» መልስ አጣን። ዱላቸውን መሬት ላይ ተከል አድርገው «ከሥር በስውር የሚያልፍበት መንገድ ቢኖረው ነው» አሉና፣ የተናገሩት ነገር እኛን እንዴት እንዳስደነቀን እያዩ ፈገግ አሉ።

ጡረታ ሲወጡ የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ሆኑ። በምርጫው ቀን ሌላ ዕጩ የጠቆመ ሰው አልነበረም፤ ማን ደፍሮ ይጠቁማል? በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ጠረጴዛቸውን ያወጣሉ፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ካርቦን ወረቀቱን በጥንቃቄ አስተካክለው፣ ደረሰኝ ይቆርጣሉ። የእጅ ጽሑፋቸው የታተመ ይመስላል። የማን እናት እንደታመሙ፣ የማን ልጅ ፈተና እንዳለፈ ሳይጠይቁ አንድም ሰው አይሸኙም። እኔ ደግሞ የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ሙያዬ ሂሳብ ነው፤ በምሠራበት መሥሪያ ቤት የባንክ መግለጫ ሳይቀርብልኝ ፊርማዬን አላኖርም። ለጋሼ ግን ሁለት ዓመት በተከታታይ ሪፖርታቸውን በመግለጫ ሳላመሳክር ፈርሜያለሁ። ይሉኝታ ያዘኝ። ያስተማረኝን ሰው «የባንክ ወረቀት ያሳዩኝ» ማለት በጥፊ የመምታት ያህል ሆነብኝ።

ነገሩ የወጣው አንድ አባላችን ባረፉ ጊዜ ነው። ድንኳኑ ተተከለ፤ ወንበሩ፣ ድስቱ መጣ። ለቤተሰቡ የሚሰጠው ገንዘብ ግን አልመጣም። ጋሼ በመጀመሪያው ቀን «ባንኩ ሲስተም የለውም» አሉ። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ አሉ። በሦስተኛው ቀን ሐዘንተኞቹ ለቀስተኛ የሚያበሉት ከጎረቤት ሲበደሩ አየሁ። በአራተኛው ቀን ከሊቀ መንበሩ ጋር ባንክ ሄድን። ሲስተሙ ይሠራል። ልጅቷ የሒሳቡን መግለጫ አትማ በመስኮቱ ሥር ስታሾልክልን ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን ፈልገው አጡና ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ። መኖር ከነበረበት ገንዘብ 214 ሺህ ብር ጎድሏል። ከአራት ዓመት ወዲህ ከሚሰበሰበው መዋጮ የተወሰነው ባንክ አልገባም። የቀረው ደግሞ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው፣ እንዳይጉላሉ ብለው፣ በባዶው እየፈረሙ በሚሰጧቸው የገንዘብ ማውጫ ቅጽ ወጥቷል። ሰውየው ወረቀቱን ሳያዩት በፊቴ ላይ አነበቡት መሰለኝ፤ እዚያው የባንኩ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ጋሼ አልካዱም፤ አንገታቸውንም አልደፉም። የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ለልጆቼ ስል ነው»። ይህች ቃል እንደወጣች ቤቱ ሲለሰልስ ይታወቀኝ ነበር። አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። አንድ ሽማግሌ «እንግዲህ የወላጅ አንጀት ነው» አሉ። እኔም ልቤ ሊራራ ምንም አልቀረውም። ግን መግለጫው ጭኔ ላይ ነበር፤ በሰው ፊት ላለማልቀስ ስል ዓይኔን ቀኖቹ ላይ ተከልኩ። አንዱ ቀን ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ።

ሁለት ዓመት ወደኋላ ልመልሳችሁ። የጋሼ ባለቤት ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸው ነበር። አባላቱ ከደንቡ ውጭ ተመካክረን 20 ሺህ ብር አዋጣንና በፖስታ አድርገን ሦስት ሰዎች ወደ ቤታቸው ሄድን። እኔ አንዱ ነበርኩ። ጋሼ ፖስታውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ግንባራቸውን አስነክተው፣ በሁለት እጃቸው መለሱልን። «ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ እወጣዋለሁ፤ ይህን ለባሰበት ስጡ» አሉ። እየተመለስን ሳለ ስለ እሳቸው ስናወራ መንገዱ አጠረን። ጨዋ ሰው፣ ኩሩ ሰው፣ የዱሮ ሰው አልን። ለልጆቼ ሳይቀር ነገርኳቸው። መግለጫው ላይ ያየሁት ቀን ከዚያ ምሽት በስድስተኛው ቀን ነው። 18 ሺህ ብር ወጥቷል።

ሰውየው የተሰጣቸውን ገንዘብ መልሰው፣ በሳምንቱ ያንኑ ያህል ሰርቀው ወስደዋል። ለምን? ችግሩ ያው፣ ሕክምናው ያው፣ ብሩም ያው ነው። ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ወደ ድራማው የተመለስኩት፤ አንድ የማስታውሰው ነገር ስለነበረ።

በመጀመሪያው ምዕራፍ አምስተኛ ክፍል ላይ ዋልተርና ሚስቱ የአንድ ባለጠጋ ልደት ላይ ይጋበዛሉ። ባለጠጋው ኤሊየት ይባላል፤ ዱሮ ከዋልተር ጋር አብረው ኩባንያ ያቋቋሙ የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ናቸው። እንግዶቹ ውድ ውድ ስጦታ ይዘው መጥተዋል። ዋልተር ያመጣው በተማሪነታቸው ጊዜ አብረው ይበሉት የነበረውን ርካሽ ደረቅ ኑድል ነው። አፍሮ ቆሟል። ኤሊየት ግን ሲከፍተው እንደ ሕፃን ደስ ይለዋል፤ ከልቡ ነው። ቀጥሎ ዋልተርን ለብቻው ወስዶ ከኩባንያው ጋር እንዲሠራ ይጠይቀዋል። ሥራው ጥሩ የጤና መድን አለው። ዋልተር ስካይለር ስለ ሕመሙ እንደነገረችው ሲገባው ፊቱ ይለወጣል። አይሆንም ይላል። በኋላም የኤሊየት ሚስት ግሬቸን ደውላ ወጪውን እንሸፍን ስትለው እንደገና አይሆንም ይላል። ለሚስቱ ግን ሕክምናውን የሚከፍሉት እነ ኤሊየት ናቸው ብሎ ይዋሻታል፤ ገንዘቡን የሚያመጣው ከዕፅ ነው።

ያኔ፣ ከጓደኞቼ ጋር ፍራሽ ላይ ሆኜ ሳየው፣ ይህ ክፍል ሰልችቶኝ ነበር። ተኩስ የለበትም። አሁን ሳየው ግን አቁሜው ኩሽና ሄጄ ውሃ ጠጣሁ። ዋልተር በዚያ ምሽት ላይ ሁሉ ነገር ተሟልቶለት ነበር፤ ሕክምናው፣ ደመወዙ፣ የቤተሰቡ ነገር። ቤተሰቡ እውነተኛው ምክንያት ቢሆን ኖሮ ድራማው አምስተኛው ክፍል ላይ ባለቀ ነበር። 57 ክፍል ይቀረው ነበርና፣ የቀረው ሁሉ ስለ ሌላ ነገር ነው።

ያንን ሌላ ነገር በእኛ ቋንቋ እልህ እንለዋለን። ኩራት ብለው አይበቃኝም። ኩሩ ሰው ያለውን ይዞ ቀና ብሎ ይሄዳል፤ እልህ የያዘው ሰው ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው ከፊቱ ቆሟል፣ በሐሳቡ የሚሟገተው ሰው። ዋልተር በአምስተኛው ምዕራፍ ላይ ለጄሲ አንድ ነገር ይነግረዋል። ከኩባንያው ሲወጣ ድርሻውን የሸጠው በ5,000 ዶላር ነው። ኩባንያው ዛሬ 2.16 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል። ይህን ከየት አወቀ? በየሳምንቱ ዋጋውን ይፈልጋል። አስቡት፤ መኪና እጥበት ቤት ሆኖም፣ ክፍል ውስጥ ሆኖም፣ ልጁን ቁርስ እያበላም፣ በየሳምንቱ። ካንሰሩ ከመምጣቱ ዓመታት በፊት የጀመረ በሽታ ነው።

ጋሼም እንዲህ በሐሳባቸው የሚሟገቱት ሰው ነበራቸው። አንድ ቀን አብረን ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል ስንመለስ፣ ዓሣ የሚበልቱትን ልጆችና በዙሪያቸው እንደ ሽማግሌ የተኮፈሱትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች አልፈን ወደ ከተማው ስንወጣ፣ ፊት ለፊታችን ባለ መስታወት ፎቅ ታየ። ጋሼ ቆሙ። «የዚህን ሕንፃ ባለቤት ታውቀዋለህ?» አሉኝ። በስም አውቀዋለሁ አልኳቸው። «ከእኔ ነበር የሚኮርጀው» አሉ። እኔ ሳቅሁ፤ የሚያስቅ ነገር የተናገሩ መስሎኝ። እሳቸው አልሳቁም። ሌላ ጊዜ ደግሞ በባጃጅ በዚያው ስናልፍ ይህንኑ ቃል፣ በዚሁ ድምፅ፣ ነግረውኝ የማያውቁ ይመስል ደገሙት። አሁን ሳስበው እሳቸው በዚያ መንገድ ባለፉ ቁጥር ለራሳቸውም ይሉት ነበር።

ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ስናጣራ ከባለቤታቸው ሕክምና ሌላ ለልጆቻቸው የዋለው በጣም ጥቂት ነው። ልጆቻቸው ራሳቸውን ችለዋል። የቀረው ወዴት ሄደ? ለሠርግ ስጦታ። ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ማሠሪያ፤ ስማቸው ሲነበብ እኔም አብሬ እልል ብያለሁ። ተቸግሮ ለመጣ ሰው ብድር። ቡና ቤት ሂሳብ ሲመጣ ማንንም ሳያስከፍሉ «ዛሬ እኔ ነኝ» ማለት። የጡረታ መምህር የማይችለውን ለጋስነት በዕድሩ ገንዘብ ኖረውታል። የእኔ ልጅ የተመረቀች ዕለት ያበረከቱላት የእጅ ሰዓት አለ። ልጄ እስከ ዛሬ ታስረዋለች፤ አውልቂው ለማለት አቅም አላገኘሁም፤ ምክንያቱን ልነግራትም አልቻልኩም።

ስለዚህ ሰው በስንተኛው ክፍል ላይ ይበላሻል የሚለው ጥያቄዬ እየተበላሸብኝ ሄደ። ዋልተር በመጀመሪያው ክፍል ላይ ለተማሪዎቹ ኬሚስትሪ የለውጥ ጥናት ነው ይላቸዋል፤ ቪንስ ጊሊጋንም ደግ ጀግና ይዞ ተነስቶ ክፉ ማድረግ እንደፈለገ ደጋግሞ ተናግሯል። ሥራው የእሱ ነውና ላርመው አልችልም። እኔ የሚታየኝ ግን ሌላ ነው። የጨው ውሃ እሳት ላይ ጥዳችሁ ስታተኑት ጨው ድስቱ ላይ ይቀራል። ያን ጨው እሳቱ አልፈጠረውም። ካንሰሩ ለዋልተር፣ የገንዘብ ያዥነቱ ጠረጴዛ ለጋሼ፣ እሳት ናቸው።

ይህን ስል መንሸራተት የለም ማለቴ አይደለም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ድራማው በዚህ ረገድ ያስፈራል። መጀመሪያ በገዛ እጁ አንቆ የገደለውን ሰው ከመግደሉ በፊት ዋልተር ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ በአንድ በኩል እንዲኖር የሚያስገድዱ ምክንያቶች፣ በሌላው በኩል እንዲሞት የሚያስገድድ። እንዲኖር የሚለው ብዙ ነው፤ እንዲሞት የሚለው አንድ ብቻ ነው፤ ከለቀቅከው ቤተሰብህን ይፈጃል። ሊለቀው ወስኖ እያለ የተሰበረ ሳህን ስባሪ ሲገጣጥም አንዲቱ ሹል ቁራጭ እንደጠፋች ያያል፤ ሰውየው ሊወጋው ደብቋታል። ያኔ እያለቀሰ፣ ይቅርታ እየጠየቀ ይገድለዋል። ከጄን ሞት በኋላ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ የሆነው አባቷ በሐዘን ልቡ ተሰብሮ ሥራ ላይ ሲሳሳት ሁለት አውሮፕላኖች ከተማዋ ላይ ተጋጭተው 167 ሰው ያልቃል። ዋልተር ተማሪዎች ፊት ማይክሮፎን ይዞ ምን ቢል ጥሩ ነው? ይህ አደጋ ከዓለም 50ኛው ብቻ ነው ይላል። ወረቀት ላይ ሲጽፍና ሲያለቅስ የነበረው ሰው በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ ሬሳ በተራ ቁጥር መቁጠር ጀምሯል። የጋሼን መግለጫም እንዲሁ አነበብኩት። የመጀመሪያው የጎደለ ገንዘብ 600 ብር ነው፤ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ገብቷል። ሁለተኛውም ተመልሷል። ሦስተኛው ግማሹ ተመልሷል። ከአራተኛው በኋላ የተመለሰ የለም። ያቺን የመጀመሪያዋን 600 ብር ሲመልሱ ምን ያህል እፎይ እንዳሉ ይታየኛል፤ ሌሊቱን እንቅልፍ ነስቷቸው እንደነበረም።

በአራተኛው ምዕራፍ ውስጥ አንድ የእራት ገበታ አለ፤ ለእኔ ከድራማው ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። የዋልተር የሚስቱ እህት ባል ሀንክ የፀረ አደገኛ ዕፅ መርማሪ ነው፤ ያንን ምርጥ ዕፅ የሚሠራውን ሰው ለረዥም ጊዜ ሲያሳድድ ኖሮ፣ አሁን ጌል የተባለ የሞተ ኬሚስት ነው ብሎ ደምድሟል። ከሳሽ የሌለው ነፃነት ለዋልተር በእግሩ መጣለት። ዝም ቢል ታሪኩ ተዘጋ። ሀንክ ግን የሞተውን ሰው ሊቅ፣ ባለ አእምሮ እያለ ያወድሰዋል። ዋልተር ወይኑን ይጠጣል። እንደገና ይቀዳል። ከዚያ አላስችል ብሎት አፉን ይከፍታል፤ የሟቹን የሥራ ማስታወሻ እንዳየሁት ሰውየው የሌላውን ሥራ ሲገለብጥ የነበረ ነው፣ ሊቁ ምናልባት አሁንም በሕይወት አለ ይላል። በገዛ ምላሱ አሳዳጁን ቀስቅሶ መልሶ ራሱ ላይ ላከው። ስካይለር ገበታው ላይ ናት። ልጁ እዚያው ነው። ለእነሱ ሲል የሚያደርገው ነገር ቢሆን ኖሮ ያቺን ዓረፍተ ነገር ከወይኑ ጋር ይውጣት ነበር። «ከእኔ ነበር የሚኮርጀው» ያሉኝ ሰው ድምፅ በዚያች ሌሊት ሳሎኔ ውስጥ ተሰማኝ።

እዚህ ላይ ስለ እኛ፣ ስለምናየው ሰዎች፣ የሚያሳዝነኝን መደበቅ አልችልም። ስካይለርን የተጫወተችው አና ገን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2013 ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ባወጣችው ጽሑፍ፣ ተመልካቾች በገጸ ባሕርይዋ ላይ ስላወረዱት ጥላቻና ያ ጥላቻ ወደ ራሷም እንደተሻገረ ገልጻለች። የጥላቻው ምክንያት ምንድን ነው? ባሏን የት ነበርክ ብላ መጠየቋ። ገዳዩን ወደን፣ ጠያቂዋን ጠላን። እኔና ጓደኞቼም «ይህች ሴት አትተወውም?» እንላት ነበር። ዕድራችን ውስጥም አንዲት ሴት ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነስተው «የባንኩ ደብተር ለምን አይታይም?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ አጉረመረመ። «የጋሼን ስም ለማጥፋት» የሚል ቃል ከኋላ ወጣ። ሴትየዋ ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲህ በጉባኤ ላይ ተናግረው አያውቁም። እኔ የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ሆኜ ያን ቀን ምን አደረግሁ? ነገሩ እንዲበርድ ብዬ ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ አልኩ። ባለፈው ወር ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። ቡና አፈሉልኝ፤ ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል ሳይናገሩ እስከ ሦስተኛው ድረስ አጠጡኝ።

ዋልተር በሁለተኛው ምዕራፍ መክፈቻ ላይ ለቤተሰቡ የሚያስፈልገውን ገንዘብ አስልቶ ነበር። የልጆቹን ኮሌጅ፣ የቤቱን ዕዳ፣ የአሥር ዓመት ወጪ ደምሮ 737 ሺህ ዶላር አለ። በአምስተኛው ምዕራፍ ስካይለር አንድ መጋዘን ወስዳ የብር ክምር ታሳየዋለች፤ አልጋ የሚያህል ክምር፣ መቁጠር አቅቷት ያቆመችው። ስንት ሲሆን ነው የሚበቃው ትለዋለች። ብራያን ክራንስተን በዚህ ሚና አራት ጊዜ የኤሚ ሽልማት አግኝቷል፤ ለእኔ ክምሩን ሲያይ የሚያሳየው ባዶ ፊት ብቻውን ያሸልመዋል።

በመጨረሻው ክፍል ሁለት ነገር ይሆናል። ዋልተር ለቀረው 9.72 ሚሊዮን ዶላር መድረሻ ያጣል፤ ልጁ ከእሱ እጅ አይቀበልም። ስለዚህ ገንዘቡን ይዞ ወደ እነ ኤሊየት ቤት ይሄዳል፤ በእናንተ ስም ለልጄ ስጡልኝ ብሎ ያስገድዳቸዋል። በአምስተኛው ክፍል ላይ ከእነሱ እጅ አልቀበልም ያለው ነገር በ62ኛው ክፍል ላይ በእነሱ እጅ ልጁ ዘንድ እንዲደርስ ለመነ፤ ያውም አስፈራርቶ። ከዚያ ስካይለርን ሊሰናበት ይመጣል። ያደረግሁትን ሁሉ ብሎ ሲጀምር፣ ለቤተሰቡ ሲል ነው ብሎ ሊደግምባት መስሏት ታቋርጠዋለች። እሱ ግን ለራሴ ነው ያደረግሁት፣ እወደው ነበር፣ ጎበዝም ነበርኩበት ይላታል። አምስት ምዕራፍ ሙሉ የተናገራት የመጀመሪያዋ እውነተኛ ቃል ናት። ይህን ሳይ ሊነጋጋ ነበር፤ ዝናቡም ቆሟል፤ ከገብርኤል በኩል ቅዳሴ ይሰማል።

ጋሼን ያገኘኋቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ቤታቸውን አስይዘው ዕዳውን በየወሩ ይከፍላሉ። ወደ ዕድሩ አይመጡም። ሐይቁ ዳር፣ ዋርካው ሥር ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። አልፌ ልሄድ አልኩና አልቻልኩም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ስለ ዝናቡ አወራን፤ ስለ ሐይቁ ሙላት። ልጆቼ ደህና መሆናቸውን ጠየቁኝ። ልጄ ሰዓቱን ታስረዋለች ወይ ብለው አልጠየቁኝም፤ እፈራ ነበር።

ዝም ብለን ቆየን። አንድ ጀልባ ቀዛፊ ጎብኚዎች ጭኖ ጉማሬ ሊያሳይ ሲያልፍ በዓይናቸው ተከተሉት። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣

«ያን ቀን ለልጆቼ ነው ያልኩት ውሸት ነው» አሉ። «በእነዚያ ዓመታት መንገድ ላይ ሰው ብድግ ብሎ ሲያሳልፈኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ቸግሮት ወደ እኔ ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ያላገኘሁትን ነው ያገኘሁት፤ ልዋሽህ አልችልም ልጄ።»

የምመልሰው ጠፋኝ። ያስተማሩን ጊዜ ብድግ ብለን እናሳልፍዎት ነበር ልላቸው ፈለግሁ፤ እውነት ነውና። ግን እሳቸው የቆጠሩት ያንን አልነበረም፤ አሁን ብነግራቸውም የሚያምኑኝ አልመሰለኝም።

ልጁ ሂሳብ ይዞ መጣ። ሁለት ሻይ ነው። እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ የእሳቸውም እጅ ሲሄድ አየሁ፤ ከዚያ እኔን አዩና መሃል መንገድ ላይ አቆሙት። እጃቸው ጃኬታቸው ላይ ቀረ።

«ዛሬ እርስዎ ይክፈሉ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ከኪሳቸው የታጠፈ ብር አውጥተው፣ አንዷን ከሌላዋ ለይተው፣ በትክክል ቆጥረው ሰጡት።